የአጎቴ ጎርዮ ዘፈን

ውድ ወንድሜ አርኔል፣ መርከብህ በደረሰበት ባሕር ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ሴቡ ደሴት ያለነው ደህና ነን፤ ብቻ እማዬ ዜና ማየት ትታለች።

አጎታችን ጎርዮ የገጣጠመልን አዲሱ ኮምፒውተር እስኪከፈት ሩዝ ይበስል ነበር። መርከብህ ካለበት ባሕር ላይ ያ ማዕበል ከመነሳቱ በፊት በእሱ የደወልክልን ቀንም፣ እስኪነሳ ስንጠብቅ ጥሪህ አመለጠን። ሳጥኑን ፈትቼ ባየው፣ አንተ የላክኸውን አዲስ ዲስክ ለራሱ አስቀርቶ ያረጀ ዲስኩን ከትቶልናል! አሮጌው ላይ ጎርዮ ራሱ ሲዘፍን የተቀዳ ድምፅ አለ፤ ሊታረድ የተያዘ ፍየል ነው የሚመስለው። "ቆይ ብቻ!" አልኩና በሰፈሩ ክብረ በዓል ቀን በድምፅ ማጉያ ለቀቅኩት። ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ።

"አንቺ ልጅ፣ አዋረድሽኝ እኮ!" እያለ አዲሱን ዲስክ ራሱ አምጥቶ ገጠመው። አሁን ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ይከፈታል፤ እኛ ግን ከማዕበሉ ወዲህ ያልሰማነው ጥሪህ እንዳያመልጠን አንዘጋውም። ጎርዮ ይቅርታ ሲለምነኝ፣ "ይቅር የምልህ አርኔል ሲደውል ነው" አልኩት።

ባሕሩን አሳልፎ ደጃችን ያድርስህ።

እህትህ ማሪቴስ