የሞትኩበት ክፍል

ሴንት ፖል፣ መጋቢት 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

ውድ እታለም መብራት፣

እሁድ ነው። ቀልጦ የነበረው በረዶ እንደገና ረግቶ መንገዱ መስተዋት ሆኗል። ጠዋት ቤት የነበርነው እኔ፣ ልጄ ሊዲያ፣ የሥራ ባልደረባዬ ዙለይሃና ታክሲ የሚነዱት ጋሽ ባይሳ ነን።

ክፉ ወሬ ዴንቨር ድረስ ደርሶሽ እንደሆነ አትደንግጪ፤ ደህና ነኝ።

በማጸዳው ሕንፃ ውስጥ ወጣቶች ለኬብል ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ይሠራሉ፤ በየክፍሉ ደም እንደ ጎርፍ ነው። በታኅሣሥ ሬሳ ጎደላቸውና ለመኑኝ። ገዳዩ በበረዶ መጥረጊያ ማሽን ሰው ይፈጫል፤ ማሽኑ ቀይ በረዶ ይተፋል፤ አንድ እጅ በሮ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ይንጠለጠላል። የእኔ ሥራ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ዳር ተንጋሎ ማፍጠጥ ብቻ ነበር። ጾም ስለነበረ ደሙ ወተት እንዳለበት ጠየቅሁ። የበቆሎ ሽሮፕ ነው ሲሉኝ ተኛሁላቸው።

ክፍሉ ትናንት ከሰዓት ታየ። አጀማመሩ እንደ ዜና ነው፤ ማይክ የያዘች ሴት፣ የፖሊስ መብራት፣ ከዚያ በደም የተነከረ የእኔ ፊት። ሊዲያ ሶፋው ላይ እየዘለለች፣ "ማሚ፣ ዩ ዳይድ ሶ ጉድ!" አለችኝ፤ አሟሟትሽ ግሩም ነው ማለቷ ነው። ጋሽ ባይሳ ግን ያዩኝ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ድምፁ በተዘጋ ቴሌቪዥን ነው። እውነተኛ ዜና መስሏቸው፣ ማሽኑ ሳይመጣ እያለቀሱ ወጡ።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ባይሳ መርዶ በስልክ አይነገርም ብለው ጥቁር ካፖርት ለብሰው መጥተዋል። ዙለይሃ ከኋላቸው ድስት ታቅፋለች። የእኔን መርዶ ለሊዲያ ሊያረዱ!

"ያ አላህ! አንቺ፣ ሞተሽ የለ እንዴ?" አለች ዙለይሃ።

"ሞቼ ነበር፤ ግቡ፣ ብርድ ነው።"

ጋሽ ባይሳ ግድግዳ ተደግፈው ሣቁ፤ ከዚያ ተቆጡ። "ሁለተኛ ስትሞቺ አስቀድመሽ ንገሪን!"

ሻይ ስንጠጣ፣ "የጨነቀን የእህትሽ ነገር ነበር" አሉኝ ጋሽ ባይሳ። "ብቻዋን ናት፤ እስከ ፋሲካ እንደብቃት ተባባልን።"

"እኔ አንድ ቀን ይዤው ደረቴ ሊፈነዳ ነበር" አለች ዙለይሃ።

ሣቄ አፌ ላይ ቀረ። አንቺ እኮ፣ እታለም፣ የእማዬን ሞት ደብቀሽኝ ስምንት ወር ይዘሽዋል። ከቀዶ ጥገናዬ እስካገግም በየሳምንቱ እየደወልሽ "ደህና ናት" ስትይኝ፣ ስልኩን ካስቀመጥሽ በኋላ ምን ትሆኚ እንደነበር አስቤው አላውቅም። ዋሸችኝ ብዬ ሁለት ዓመት አኮረፍኩ፤ በደወልሽ ቁጥር ዘጋሁብሽ። ይቅር በይኝ፣ እታለም።

ሰኞ ጠዋት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ሊዲያን ትምህርት ቤት ሸኘሁ። አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅሁ። ለሁለታችን የዴንቨር አውቶቡስ ትኬት ቆረጥኩ፤ ቅዳሜ በርሽ ላይ ነን። ከዚያ ፖስታ ቤት መጣሁ፤ ይህን የምጨምረው ባንኮኒው ጋ ቆሜ ነው። ቀድሞኝ የሚደርስ ፈጣን ፖስታ ስጠኝ ስለው ሰውየው፣ "ኢመርጀንሲ ነው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት፤ "ሁለት ዓመት የዘገየ።"

ታናሽሽ
የሺሀረግ