አባባ መረጠልኝ ያልኩት ጠመንጃ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእድላዊት ግዛው፤ አሰላ።

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሺ ጉልበትሽን ትይዣለሽ? እማማስ እንዴት ናት? እህል ትቀምሳለች? እንቅልፍ ይወስዳታል? ባለቤትሽ ሀብተሚካኤል ደህና ነው? ልጅሽ አዶኒያስስ የወለቀው ጥርሱ በቀለለት? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በሌላው ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። በእኛ ቤት ውሸት ይብቃን።

ከሰኔ ሰባት ጀምሮ ስልክሽን አላነሳሁም። ሠላሳ አንድ ጊዜ ደውለሻል፤ ሁሉንም አይቼዋለሁ። ላነሳ እጄን እዘረጋና፣ ድምፅሽን ስሰማ የምጮኽብሽ እየመሰለኝ እመልሰዋለሁ። በወረቀት አይጮኽም። ወይዘሮ መዓዛ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ረቡዕ ወደ አዲስ አበባ ስለሚበሩ ይህን ደብዳቤ በእሳቸው እጅ ልኬልሻለሁ።

እዚህ እንዴት እንደሆነ ማንም በደንብ የነገረሽ አይመስለኝም። ያን ሳምንት ማክሰኞ ዕለት ጠመንጃውን ገዝቼ ነበር። እዚህ ጠመንጃ የገዛ ሰው በዕለቱ ይዞ አይሄድም፤ ስሙን እያጣሩ ሦስት ቀን ያስጠብቁታል። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ ሦስት ቀን ሦስት ዓመት ሆነብኝ። ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ተኽለሚካኤል፣ የሥራ አለቃዬ፣ በመኪናቸው ወደ ሱቁ ሊወስዱኝ ተቀጣጥረን ነበር። ገና ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ጫማዬን አስሬ ቁጭ ብዬ ስለነበር ሮጬ ከፈትኩ። እሳቸው ናቸው። «ጋሽ ተኽሌ፣ ሱቁ እኮ የሚከፈተው በሦስት ሰዓት ነው! እርስዎ ከእኔ ባሱ!» ብዬ ሳቅኩባቸው።

እሳቸው አልሳቁም። ከኋላቸው ቄሱ ቆመዋል፤ ከቄሱ ኋላ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች አፓርታማው ደረጃ ላይ ተደርድረዋል። ዞር ስል አክስታችን አረጋሽ ከመኝታ ቤቷ ለብሳ ወጥታለች። መርዶ መሆኑ ገባኝ፤ የማን መሆኑ ግን አልገባኝም። እማማ ናት ብዬ ጮኽኩ። አባባ ነው ሲሉኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ተከራከርኳቸው። «አባባ ሐሙስ ዕለት መልእክት ልኮልኛል!» ብዬ ስልኬን ለቄሱ አሳየኋቸው። «ይኸው፣ ‹እንጨቱን በጨርቅ ዘይት እሸው› ይላል፤ ያንብቡት!» አልኳቸው። ቄሱ ተቀብለው አነበቡ። አንብበው አክስቴን አዩዋት። አክስቴ ወደ ጣራው አየች። ያኔ ጋሽ ተኽሌ ትከሻዬን ይዘው፣ «ልጄ፣ አባትህ ያረፉት በጥር ነው» አሉኝ።

ጥር አሥራ ስድስት። እኔ ዒላማ መተኮስ የጀመርኩት በመጋቢት ነው። እታለም፣ አባባ ስለ ጠመንጃ ለእኔ አንድ ቃል እንኳ ሊናገር አይችልም ነበር።

መደበቃችሁ ገብቶኛል። ልጁ ትምህርቱን ይጨርስ፣ ለመመረቅ አንድ መንፈቅ ሲቀረው አንሰብረው ብላችሁ ነው። በእናንተ ቦታ ብሆን እኔም የምደብቅ ይመስለኛል። አክስቴ ከጥር ጀምሮ ጥቁር ለብሳ ከርማለች። ስጠይቃት «የድሮ ጎረቤቴ ሞታብኝ ነው» አለችኝ፤ እኔም «ነፍስ ይማር» ብያት ወደ ላፕቶፔ ተመለስኩ። ለገዛ አባቴ የደረሰው ልቅሶዬ እሱ ነው። ይሁን፤ እሱንም ይቅር ብያለሁ። አልወጣልህ ያለኝ በአባባ ስም የጻፍሽልኝ መልስ ነው።

ጋሽ ተኽሌ ዳውንታውን ዴንቨር የምሠራበት ፓርኪንግ የፈረቃ ኃላፊ ናቸው፤ ኤርትራዊ ናቸው፣ አማርኛቸው ግን ከእኔ የጠራ ነው። ሌላው ሰው ቅዳሜ ኳስ እንደሚያይ፣ እሳቸው ከአውሮራ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ወዳለ፣ ሬንጅ ወደሚሉት የተኩስ መለማመጃ ሄደው የወረቀት ዒላማ ይተኩሳሉ። የአላሚ ልጅ ነኝ ብዬ ስለጎረርኩባቸው አንድ ቀን ይዘውኝ ሄዱ። አያያዜን ሲያዩ «የአላሚ ልጅ! መጥረጊያ ነው እንዴ የያዝከው? ሰደፉን ወደ ትከሻህ አስጠጋው፣ አይነክስህም!» እያሉ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ። ከአሥር ጥይት ወረቀት ያገኘችው አንዷ ናት፤ እሷም ከጎኔ የሚተኩሰውን ሰውዬ ወረቀት ነው የመታችው። ግን ትንፋሼን ይዤ ቃታውን ስስብ፣ ፈተናውም ሥራ ፍለጋውም ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪናቸው አጠገብ ቆሜ የጠበቅኳቸው እኔ ነኝ።

አባባ በዘበኝነት የሚጠብቀውን የእህል መጋዘን ቤልጅግ ጠመንጃ ይዞ የክብሪት ቀፎ ከአጥር ላይ ሲጥል ስንቴ አይተነዋል! ልነካው ስል «ትምህርትህን ጨርስና አስተምርሃለሁ» ይለኝ አልነበር? ልጨርስ ነዋ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላወራው የፈለግኩት ለእሱ ነው። አንቺ «ጆሮው ጨርሶ ደክሟል፣ ስልክ አይሰማም፤ ለእኔ ጻፍልኝና አነብለታለሁ» አልሽኝ። ግራ ጆሮው ድሮም ከተኩሱ የተነሳ ደካማ ነበር። በምን ልጠርጥርሽ?

ሱቁ ውስጥ ሁለት ጠመንጃ ዓይኔ ገባ። ሁለቱም ትዌንቲ ቱ የሚሏቸው፣ ጥይታቸው ትንሽ፣ ለጀማሪ የሚሆኑ ናቸው። አንዱ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ መነጽር ተገጥሞለታል፣ ቃታውን በሳቡት ቁጥር ይተኩሳል። ሌላው ሰደፉ እንጨት ነው፤ ለእያንዳንዷ ጥይት በእጅ ይቀባበላል፣ ማነጣጠሪያውም ተራ ብረት። ልቤ ጥቁሩ ላይ ነበር። የሁለቱንም ፎቶ ላክሁልሽ። በሁለተኛው ቀን እንዲህ ብለሽ ጻፍሽልኝ፦ «አባባ እንጨቱን ነው የሚለው። በእጅህ እያቀባበልክ ስትተኩስ ለእያንዳንዷ ጥይት ታስብላታለህ፤ በመነጽር ከጀመርክ ዓይንህ ይሰንፋል። ሰደፉን የክንድህ እጥፋት ላይ አስደግፈው፤ ጣትህ ሳይንጠራራ ቃታው ላይ ከደረሰ ልክህ ነው ይላል።»

ወደ ሱቁ ተመልሼ እንዳልሽው አደረግኩ። ጣቴ ቃታው ላይ ልክክ አለ። የሱቁ ሰውዬ ይህን ማን እንዳሳየኝ ጠየቀኝ። «አባቴ» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። «ጎበዝ አባት አለህ» አለኝ።

አሁን መልእክቶቹን ከላይ ጀምሬ አነባለሁ። አንዳንዱ አንቺ መሆንሽ ያስታውቃል። «ከመተኮስህ በፊት ምሳህን ብላ» ይላል አንዱ፤ አባባ መቼ እንዲህ ብሎ ያውቃል? የሚያዝያውን ግን ምን ላድርገው? ከሃምሳ ያርድ ላይ አምስት ጥይት በአንድ ስኒ አፍ ስፋት ውስጥ የሰበሰብኩበትን ወረቀት ፎቶ ላክሁልሽ። አንቺም «አባባ አየውና፣ ኮራሁበት በይልኝ አለ» ብለሽ መለስሽ። እድሜዬን ሙሉ ኮራሁብህ ብሎኝ አያውቅም። ፓርኪንጉ መግቢያ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ በደስታ አለቀስኩ፤ መኪናቸውን የሚያወጡት ሰዎች ምን ሆንክ እያሉ እስኪጠይቁኝ። አሁን የማን ኩራት እንደነበር አላውቅም። የሰረቅሽኝ ይመስለኛል፤ ደግሞ አንቺ ባትሰጪኝ ኖሮ መጀመሪያውኑ በእጄ አልነበረም።

የሰደፉን ልክ ከየት አመጣሽው? ይሄ ቁጭ ብለው የሚፈጥሩት ነገር አይደለም። ጋሽ ተኽሌን ብጠይቃቸው «ይህቺን ሴትዮ ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው አስተምሯታል» አሉኝ። አባባ ነው? እኔን አትንካ እያለ፣ አንቺን ከመጋዘኑ ጀርባ ወስዶ ክንድሽን ለክቶልሽ ነበር? ከሆነ ቀንቻለሁ፤ እንዲህ እያለቀስኩ እንኳ ቀንቻለሁ።

ጠመንጃው እስከዛሬ ሱቁ ውስጥ ነው። ሁለት ጊዜ ደውለውልኝ ነበር። ጋሽ ተኽሌ «አንተን ያስለቀሰህ ሰው ነው፤ ጠመንጃው ምን አጠፋ?» ይሉኛል። አክስቴ ደግሞ ለቅሶ ቤት ጠመንጃ አይገባም ብላለች። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የጀማሪዎች ውድድር አለ፤ ስሜን ካስመዘገብኩ ቆየሁ። እንግልውድ ያለ መሥሪያ ቤትም ተቀብሎኛል፤ ሐምሌ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሥራ እጀምራለሁ፣ ድልድይ እንሠራለን። ይህን ሁሉ በደስታ እየጮኽኩ ልነግርሽ ነበር። ቁጭ ማለት አልችልም፣ መራመድም አልችልም፤ ክፍሌ ውስጥ ስዞር እውላለሁ።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። አባባ ሲያርፍ ስለ እኔ ያለው ነገር ካለ፣ ያለውን ብቻ ጻፊልኝ። ምንም ካላለ «ምንም አላለም» በይኝ፤ አታሳምሪልኝ፣ እችለዋለሁ። ስለ ጠመንጃውም የራስሽን ሐሳብ ንገሪኝ። አንቺ ውሰደው ካልሽ ሄጄ እወስደዋለሁ፤ ተወው ካልሽ እተወዋለሁ። ብቻ «አባባ ይላል» ብለሽ አትጀምሪ። «እኔ እድላዊት» ብለሽ ጀምሪ። እሱን ያነበብኩ ቀን እኔው ራሴ እደውላለሁ።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ፤ እሷም አብራ እንደደበቀችኝ አውቃለሁ፣ ልጅሽ አልተቀየመሽም በያት። ለሀብተሚካኤል ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ሬሳውን ሲሸከም በእኔ ቦታ የገባው እሱ ነውና ውለታው አለብኝ። አዶኒያስን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። አክስቴ አረጋሽ ሰላም ብላችኋለች፤ ጋሽ ተኽሌም ሳያውቋችሁ እግዜር ያጥናችሁ ብለዋል። ለአባባ በዚህ ደብዳቤ የምልከው ሰላምታ የለኝም። ከጥር ወዲህ የላክሁለትን ሁሉ የተቀበልሽው አንቺ ነሽ። አንቺው ያዢው።

ወንድምሽ ኪሩቤል ግዛው
አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.