የአባባ ድምፅና አልከፈት ያለው ፋይል

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለኮከቤ፣

እንዴት ከርመሻል? ባለቤትሽ ቶሌሳስ? ልጅሽ ፌኔትስ? የናይሮቢ ብርድ ያንን ሳልሽን አልቀሰቀሰብሽም? እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል። ምክንያቱን ላጫውትሽ።

እማዬ የእንቅርቷን ቀዶ ጥገና እንቢ ብላ እንደነበር ታውቂያለሽ። ሐኪሙ ድምፅሽ ሊጎዳ ይችላል ስላላት ነው የፈራችው። አንቺ አባባ በሕይወት ሳለ መቻራ ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል የተቀዳውን ጸሎት አግኝቼ ድረ ገጽ ላይ አስቀመጥኩላችሁ ስትይ፣ እሱን ሳልሰማ ከቤት ንቅንቅ አልልም አለች። ቀጠሮዋ ደግሞ አራት ቀን ነበር የቀረው።

የቢሯችን ኮምፒዩተር አሮጌ፣ ኢንተርኔቱም በስልክ መስመር ስለሆነ፣ የምጠቀመው ሥዕል በማያሳይ፣ ጽሑፍ ብቻ በሚያወጣ ብሮውዘር ነው። ፋይሉን ለማውረድ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ግን አልከፈት አለኝ። መጠኑም አንቺ ከጻፍሽልኝ ያንሳል። መስመሩ ተቋርጦብኝ ይሆናል ብዬ በማግስቱ ደገምኩት፤ ያው ሆነ። ቤት በገባሁ ቁጥር እማዬ ቀና ብላ ታየኛለች። ምን ልበላት?

ሲጨንቀኝ ጫት ተራ አጠገብ ኮምፒዩተር ወደሚጠግነው ወደ መህዲ ሮጥኩ። ሁለቱንም ጊዜ መጠኑ እኩል መሆኑን ስነግረው፣ «እንግዲያው አልተቆረጠም፤ ታምቆ ነው የመጣው» አለኝ። ለካ ላኪው ኮምፒዩተር ቶሎ እንዲደርስ ፋይሉን አምቆ አሳንሶት ኖሯል፤ የእኛ ብሮውዘር ደግሞ መፍታት ሲገባው፣ ስሙን ሳይለውጥ እንደታመቀ አስቀመጠው። በመፍቻ ፕሮግራም ስፈታው መጠኑ አንቺ ከጻፍሽው ጋር ልክ ገጠመ። ከዚያ ወዲያ ብሮውዘሩን ፋይል ታምቆ እንዲላክለት እንዳይጠይቅ አድርጌዋለሁ።

እማዬ ጸሎቱን ጸጥ ብላ ሰማች። መጨረሻው ላይ አባባ አንዱን ሰው በሩን ዝጋው ሲለው ግን ሳቀች። በር ተከፍቶ መቀመጥ መቼ ይወድ ነበር አለች። ከዚያ፣ «የእኔንም ድምፅ ቅዳልኝ። በጸሎት ስማችሁን ጠርቼ ልሂድ» አለችኝ።

በነጋታው ከታናሻችን ከእሴት ጋር አዲስ አበባ ሄደች። ቀዶ ጥገናው ትናንት ተደረገላት። እሴት ደውላ በሰላም ወጥታለች ብላኛለች፤ የምትናገረው ግን ገና በሹክሹክታ ነው፣ ሐኪሞቹም ጠብቁ ብለዋል። ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ እላለሁ።

የእማዬን ድምፅ በሲዲ አድርጌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ምንም ሳላምቀው። ጋሽ ቶሌሳን አክብሬ ሰላም ብያለሁ። ፌኔትን ሳሚልኝ፤ እማዬ የእሷን ስም ሁለት ጊዜ ጠርታዋለች።

ወንድምሽ አብዲሳ
ጭሮ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1999 ዓ.ም.