ሦስት የመዶሻ ምት እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የሙዚቃ ማሳተሚያ ቤቱ የምርጥ ዘፈኖች መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ጆሮዎን ነው፤ ባለፈው ወር ያወጡትን ስብስብ ሰምቼ ካበቃሁ ወዲህ ለእሱ ያልሰጋሁበት ቀን የለምና። ለኮሚቴው አባላት በሙሉም ዕድሜን ከመስማት ጋር እመኛለሁ።

እኔ በር፣ መስኮትና ቁም ሣጥን ሠርቼ የማድር አናጢ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ለድፍረት አይደለም፤ በግል የላክኋቸው አራቱ ደብዳቤዎች «ለሚመለከተው ክፍል ተመርተዋል» ስለተባልኩና የሚመለከተው ክፍል እስካሁን ስላልተመለከተ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት፣ ሰው ሁሉ «ባለባርኔጣው» የሚለው የካንትሪ ዘፋኝ፣ ያ ስለ ፈረስ፣ ስለ ረጅም መንገድና ጥላው ስለሄደች ሴት በጊታር የሚያንጎራጉረው፣ ስቱዲዮ ገብቶ ዘፈን በሚቀዳበት ጠዋት እኔ እዚያው ኮሪደር ላይ በር እገጥም ነበር። ቀረጻ መኖሩን የነገረኝ አልነበረም። እሱ «በሩን ዘግታብኝ ሄደች» ብሎ ትንፋሽ ሲወስድ፣ እኔ መቃኑ ላይ ያለውን ምስማር ሦስት ጊዜ መታሁት፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ዘፈኑ እንዳለቀ የቀረጻ ባለሙያው ሊያንቀኝ ሲወጣ፣ ዘፋኙ ከኋላው እየሳቀ «ተወው፣ ዘፈኑ ከሁላችንም የገባው ለእሱ ነው» አለ። እንዳለ ታትሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በየሻይ ቤቱና በየአውቶቡሱ እዚያ ቦታ ሲደርስ ጠረጴዛ ወይም ጉልበቱን የማይመታ ሰው አላየሁም።

ባለቤቴንም ያገኘኋት በዚሁ ነው። ሻይ ቤት ተቀምጣ ጠረጴዛ ስትመታ «እህቴ፣ ሁለተኛዋ ላይ ትቸኩያለሽ» ብላት፣ «አንተ ደግሞ ማን ሆነህ ነው?» አለችኝ። «መቺው ነኛ!» አልኳት። አላመነችኝም። ላጣራ ብላ ቀረበችኝ፣ እያጣራች ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

አንደኛ፦ «ምርጥ ሃያ» የተሰኘውን የባለባርኔጣውን ዘፈኖች ስብስብ ገዝቼ ቤት ስገባ ባለቤቴ የያዘችውን ሥራ ትታ አጠገቤ ተቀመጠች። እዚያ ቦታ ስንደርስ ሁለታችንም እጃችንን አነሳን። ምንም የለም። ዘፋኙ ትንፋሹን ወሰደ፣ ሴትዮዋ ሄደች፣ በሩ ዝም አለ። የባለቤቴ እጅ አየር ላይ ቀርቶ ነበር፤ ቀስ ብላ አወረደችውና፣ ቀሚሷን ለማስተካከል ያነሳችው አስመስላ፣ «ምን አደረግናቸው?» አለችኝ። ሽፋኑን ገልብጬ ባነብ «ከአላስፈላጊ ድምፆች የጸዳ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ ብዙ ተብያለሁ፤ በባለ ቀለም ኅትመት ግን ተሰድቤ አላውቅም። ስለ ወረቀቱ ጥራት ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ኮሚቴዎ ከሁለት መቶ አሥራ አንድ ዘፈን ሃያውን ለመለየት ዘጠኝ ወር እንደፈጀ በጋዜጣ አንብቤአለሁ። በዘጠኝ ወር ሰው ይወለዳል። ከእናንተ የተወለደው አሥራ አራተኛ ዘፈን ግን ዘፋኙ በወጣትነቱ ለአንድ መኖ አቀናባሪ የሠራው ማስታወቂያ ነው፤ «ምርጥ መኖ ለምርጥ ዶሮ» ይላል። አንድ የመሥሪያ ቤትዎ ሰው በምስጢር እንደነገረኝ (እርስዎም አደራ ለማንም አይንገሩ)፣ ኮሚቴው ጊዜ ሲያጥረው ኮምፒውተሩ ላይ «ምርጥ» የሚለውን ቃል ጽፎ የመጣለትን አስገብቷል። ማስታወቂያው ቃሉን ሁለት ጊዜ ስለያዘ በከፍተኛ ነጥብ አለፈ። እናቱ ስትሞት የዘፈነው፣ ሾፌር መኪናውን ዳር አቁሞ የሚያለቅስበት ዘፈን ግን ወደቀ። ሟቿ ዶሮ ብትሆን ኖሮ ይታሰብላት ነበር።

ሦስተኛ፦ ደብዳቤዎቼ ክፍላቸውን ሲፈልጉ፣ መቺው እኔ መሆኔን በቃል እንዳስረዳ በጠራችሁኝ ቀን መዶሻዬን ይዤ መጣሁ። ሰባታችሁም ተደርድራችሁ ረጅሙን ጠረጴዛ እንድመታ አዘዛችሁኝ፤ መታሁ። አንድ አባል ዓይናቸውን ጨፍነው ካዳመጡ በኋላ «ከዋናው ጋር አይመሳሰልም» አሉ። ያኔ የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፣ ዛሬ ትከሻዬን ያመኛል ብል፣ ቃለ ጉባኤው ላይ «አመልካቹ ራሱን አስመስሎ መምታት አልቻለም» ተብሎ ሰፈረ። በሦስተኛው ምት ጠረጴዛው መሰንጠቁ እውነት ነው፤ በሙጫ ብቻ የቆመ ነበር። ስብሰባው እንዳይቋረጥ እርስዎ ጥጉን በጉልበትዎ ደግፈው፣ እኔ ከሥር ገብቼ ስጠግን፣ ጥያቄዬ ውድቅ መሆኑን እዚያው ተኝቼ ሰማሁ። የሁላችሁም ጫማ በደንብ የተወለወለ መሆኑን ለመመስከር ዝግጁ ነኝ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ባለቤቴ «ይበቃቸዋል» ስላለች ትቼዋለሁ።

ከእናንተ ዘንድ እንደወጣሁ በቀጥታ የሄድኩት ዘፋኙ ቤት ነው። ሰባውን አልፏል፤ ማንነቴን ስነግረው እጄን ይዞ አልለቅም አለ። «ኮሚቴው አማክሮዎት ነበር?» ብዬ ስጠይቀው፣ «የሞትኩ መስሏቸዋል መሰለኝ፣ የምስጋና ደብዳቤውን የላኩት ለቤተሰቤ ነው» አለኝ። ዘፈኑን ከፈትኩለት። ባዶው ቦታ አልፎ ድምፁ ሲመለስ ፊቱ ተለወጠ።

«በዚያ ሳምንት ሚስቴ የእውነት ጥላኝ ሄዳ ነበር» አለኝ። «እዚያ ስደርስ እንባዬ ሊቀድመኝ ሲል መዶሻህ መጣና ሳቄ አመለጠኝ። ቀጣዩን ስንኝ የዘፈንኩት ሳቄን ይዤ ነው፤ ሰው የወደደውም እሱን ነው። አሁን ግን መዶሻው የለም፤ ሚስቱ ስትሄድ የሚስቅ ሰው ሆኜ ቀረሁ።»

ከዚያም ስሙ ከሽፋኑ ላይ እንዲነሳለት የሚጠይቅ ማመልከቻ አጻፈኝና ፈረመበት፤ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። የእኔ ጥያቄ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሦስቱን ምት ወደ ቦታቸው ይመልሱልኝ።

ላሳዩኝ ትዕግሥት፣ ለነፈጉኝ ወንበርና ወደፊት ለሚያቋቁሙት አጣሪ ንዑስ ኮሚቴ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ፣ አናጢው

ማስታወሻ፦ ባለባርኔጣው ትናንት ጊታሩን ይዞ ወደ እንጨት መሥሪያዬ መጥቶ አዲስ ዘፈን ቀድቷል፤ የጎረቤቴ ብረት መቁረጫና የአንድ ደንበኛ ሳል አብረው ገብተዋል። ይህን ሰምተው ዛሬ ጠዋት ለማሳተም የላኳቸው የኮሚቴዎ አባል በክብር ተስተናግደዋል። ዘፋኙም፣ ከሚሰሙት ድምፆች የእሱ የትኛው እንደሆነ ለይተው ከነገሩት ውሉን እንደሚፈርም ቃል ገባላቸው። ሁለት ጊዜ ካደመጡ በኋላ ብረት መቁረጫውን መርጠዋል።