ችፌ የያዘው እጅና የማርያም ዳቦ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 16

እንደገና ወጣ። ክርኔ እጥፋት ላይ፣ አንገቴ ሥር፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጣቶቼ መሃል። ይሄ ችፌ በሽታ አይደለም፣ ዘመድ ነው፤ ሙቀት በመጣ ቁጥር ሳይጠራ ይመጣል። ደባርቅ ሳለሁ ብርዱ አደብ ያስገዛው ነበር። ከሊማሊሞ በታች ወርጄ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሁለቱንም ግንቦት ያሳለፍኩት በማከክ ነው።

ጠመኔውን በወረቀት ጠቅልዬ ነው የምጽፈው። ላቡ ሲወርድ ክርኔን ይለበልበኛል። ተማሪዎቹ በዚህ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለምን እንደምለብስ ጠይቀውኝ አያውቁም። የሚያፈጡብኝ አዋቂዎቹ ናቸው።

ዋናውን ነገር ሳልጽፍ ልተኛ ነው እንዴ? እሑድ የማርያም ማኅበር ተረኛዋ እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ሴቶች ነን፤ ወር በገባ በሃያ አንድ ቀን እየተሰበሰብን ጽዋ እንጠጣለን፣ ዳቦውንና ጠላውን ተረኛዋ ታሰናዳለች። እዚህ ከተማ ያለኝ ሰው ይኸው ማኅበር ብቻ ነው። ባለፈው ወር፣ ሌላዋ ተረኛ ቤት፣ ውባለም ለምትባለው ማኅበርተኛችን ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋት። ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ቤቱን ስናስተካክል ቁራሹን መደቡ ጥግ ላይ አገኘሁት፤ ጫፉ እንኳ አልተነካም። ለማንም አልተናገርኩም።

እሑድ ሁሉም እንደዚያ ቢያደርጉስ?

ረቡዕ፣ ግንቦት 17

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ባለሙያው ገና ልጅ ነው፣ ግን እጄን ሳይሳቀቅ ያዘና አገላብጦ አየው። «አይተላለፍም፤ ሙቀቱና ላቡ ነው የሚቀሰቅስብሽ» አለኝ። ቅባት ሰጠኝ፣ ምክሩን ደረደረልኝ፦ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ታጥቦ መውጣት፣ ሳይደርቁ ቫዝሊን መቀባት፣ ሽታ ያለው ሳሙና መተው፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ፣ ጥፍር ማሳጠር፣ አለማከክ። የመጨረሻውን የሚመክር ሰው አንድ ቀን እንኳ በወጉ አሳክኮት አያውቅም።

«ሊጥም በእጅሽ እንዳታቦኪ» አለ።

«አይተላለፍም የሚል፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ጻፍልኝ» አልኩት።

«ለየትኛው መሥሪያ ቤት?»

«ለማኅበርተኞቼ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን የምሬን ነበር የጠየቅሁት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 18

የዛሬውን ሞኝነቴን ልጻፈው። ቧንቧው ጋ ወረፋ ስንጠብቅ አንዲት ሴትዮ «ሎሚ እሺበትና ፀሐይ ላይ አድርቂው፤ ድራሹን ነው የሚያጠፋው» አለችኝ። እኔ የተማርኩት፣ ሳይንስ የማስተምረው፣ ቤቴ ገብቼ አሸሁበት። ለእሑድ ንጹሕ እጅ አምሮኝ ነው።

ነደድኩ። አሁን መዳፌ ተሰነጣጥቋል፤ ይህን የምጽፈው እስክሪብቶውን በሁለት ጣት ይዤ ነው።

እናቴ ከደባርቅ ደወለች። እሷ እዚያ ጋቢ ደርባ ታወራኛለች፣ እኔ እዚህ እርጥብ ጨርቅ እጄ ላይ ጠምጥሜ። «እጅሽ እንዴት ነው?» አለች። «ደህና ነው» አልኩ። «ድምፅሽ ደስ አላለኝም» አለች። ስልኩን ስዘጋ ቤቱ ጭር አለብኝ። ብቸኝነት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ዓርብ፣ ግንቦት 19

ጠላው ደርሷል፤ የቀረው ዳቦው ነው። አከራዬ እትየ ጥሩወርቅ ከሥራ ስገባ ጠብቀው «ሊጡን እኔ ላቡካልሽ» አሉኝ።

«ለምን?» አልኳቸው ቆጣ ብዬ።

«እጅሽን አይቼ ነዋ፣ ልጄ።»

አይተው አዝነው ይሁን ተጸይፈው በምን ልወቅ? «እኔው አቦካዋለሁ» ብዬ በሬን ዘጋሁባቸው። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። አሁን እያፈርኩ ነው፤ ወጥቼ ይቅርታ ለማለት ግን ወኔ አጣሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 20

ዱቄቱን ነፋሁ፣ እርሾውን ጨመርኩ፣ ጨው ያለበትን ውሃ አፈሰስኩና እጄን ከተትኩ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልቻልኩም። ጮኼ ነው መሰለኝ እትየ ጥሩወርቅ ሳያንኳኩ ገቡ። ስለ ትናንቱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ያን ሊጥ ደፉት። እጅጌያቸውን ሰብስበው ታጠቡና እንደ አዲስ ጀመሩ።

«እኔ የገብርኤል ማኅበርተኛ ነኝ፤ ካንቺ ማኅበር ሴቶች ማንም አላየኝ፤ ማን እንዳቦካው አያውቁም» አሉ እያቦኩ።

ሲጨርሱ ተጣጥበው ቫዝሊኑን አነሡና እጄን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። በጣታቸው፣ ጣቶቼ መሃል እየገቡ፣ አንድ በአንድ ቀቡኝ። መጸየፍ አልነበረም። እኔ ክፉ አሳቢ ሆኛለሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 21

ዳቦውን ንጋት ላይ እትየ ጥሩወርቅ ጋገሩት። አሥራ አንዱም መጡ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ባርከው ቆረሱ፣ ሰሐኑ ዞረ። ውባለም ድርሻዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆየችና «ማን ነው ያቦካው?» አለች።

ሁሉም የጠየቀችው ምን እንደሆነ ገብቷቸዋል። እውነቱን ብናገር ሁሉም ይበላ ነበር። አፌን ልከፍት ስል እትየ ጥሩወርቅ ጠላ እየቀዱ «እሷው ናታ! እኔ ውሃ ከማቀበል በቀር ምን ሠራሁ» አሉ። ውሸት፤ ያውም በማርያም ቀን፣ ቄሱ ፊት። ወለሉን ወለሉን አየሁ።

መጀመሪያ የጎረሱት ትልቋ ማኅበርተኛችን ናቸው። ከዚያ ሌሎቹ። ውባለም መጨረሻ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። ከዚያ እጇን ወደ ሰሐኑ ሰድዳ ሌላ ቁራሽ አነሣች።

«እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» አለችኝ።

«አሜን» አልኩ። ከዚያ በላይ ብናገር አለቅስ ነበር።

ሰኞ፣ ግንቦት 22

እትየ ጥሩወርቅን ለምን እንደዋሹ ጠየቅኋቸው። «እኔው አቦካዋለሁ ስትይኝ ገብቶኛል፤ ካንቺ እጅ ይበሉ እንደሆን ማወቅ አማረሽ፤ ይኸው አወቅሽ። ኃጢአቱን እኔ ለነፍስ አባቴ እናገራለሁ፣ አንቺን አያገባሽም» አሉኝ።

ሙቀቱ ዛሬም አልበረደም። አንገቴን ስንት ጊዜ እንዳከክሁት እግዜር ይወቀው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ውባለምን መንገድ ላይ አገኘኋት። ትከሻዬን በትከሻዋ ገጭታ ሳመችኝና «እንዴት አድርገሽ ብታሺው ነው እንዲያ የለሰለሰው? በሰኔ ተረኛዋ እኔ ነኝ፤ መጥተሽ ታቦኪልኛለሽ» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።

ሊጥ እንዳልነካ ተነግሮኛል። ዳቦውም የእኔ አልነበረም። እስከ ሰኔ ሃያ አንድ ልነግራት ይገባኛል፤ ስነግራት ምን እንደምትል ግን አላውቅም። ዛሬ ግን አልነግራትም።