አንዲት ሸራ፣ ሁለት እሺ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን አርባ ስምንት ቀን ሆነ። አርባህ በደንብ ወጥቷል። የንፍሮው ጨው በዝቶ ሰው ሁሉ ውሃ ሲለምን ዋለ እንጂ ሌላው ጥሩ ነበር። አንተ ብትኖር «ልክ ነው፣ ይጣፍጣል» ብለህ ትበላው ነበር።

ቤታችን ውስጥ የተለወጠውን ልንገርህ። እማዬ ኮቶችህን ለዘመድ አድላ ጨርሳለች። የሬንጅ ጣሳህን ግን ከመኝታ ቤቷ መስኮት ላይ አላነሣችውም። «ይሸታል» ትላለች፤ አንሺልኝ አትልም። ነፋስ ከየት ወዴት እንደሚነፍስ ልታስረዳኝ የሣልክበት ጥቁር ሰሌዳ አሁንም ግቢ ውስጥ ተደግፎ ቆሟል። ዶሮዋ ሥሩ እየተኛች ግማሹን ባሕር በክንፏ ጠርጋዋለች።

ብዕር ያነሣሁት ግን ግራ ስለገባኝ ነው። ነገሩ የጀልባዋ ነው።

ባሕር አይቶ የማያውቅ የማርቆስ ከተማ የፊዚክስ አስተማሪ፣ ከባሕር ዳር ያረጀች የሸራ ጀልባ በጤፍ መኪና ጭኖ ሲገባ ሰፈሩ ምን እንዳለ ታስታውሳለህ? «መምህር፣ የጥፋት ውሃው መቼ ነው?» ይሉህ ነበር። አንተም «ዘንድሮ እንኳ አይደለም፣ ገና ቀዳዳዋን አልደፈንኩም» ትላቸዋለህ።

ጊዜ የነበረህ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ችግሩም ከዚያ መጣ። የንስሐ አባታችን አባ ይትባረክ «ቅዳሜም ሆነ እሑድ ሰንበት ነው፤ መዶሻ ማንሣት ደግሞ ሥራ ነው» አሉህ። እሺ አልካቸው። «ውሃ ላይ መንሸራሸርስ?» ብለህ ስትጠይቃቸው ጢማቸውን ይዘው ብዙ አሰቡና «እሱ እንኳ ሥራ አይባልም» አሉ። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀልባዋን የጠገንናት ውሃ ላይ ሆነን ነው። በደብረ ኤልያስ መንገድ ባለው የመስኖ ግድብ መሃል፣ አንተ ቃጫ በሬንጅ እየነከርክ ስንጥቋን ትጠቀጥቃለህ፤ እኔ የሚገባውን ውሃ በጣሳ እየቀዳሁ እደፋለሁ። መሬት ላይ ቢሆን በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ሥራ ሁለት ዓመት ፈጀብን። አባ አንዳንዴ ዳር ቆመው ያዩን ነበር። መዶሻው ሲሰማ ፊታቸውን ወደ ዛፉ ያዞራሉ።

ሸራዋን በእማዬ የስፌት መኪና ሰፍተህ ሁለት መርፌ ሰበርክ፤ ሦስት ቀን አኮረፈችህ። ለምሰሶዋ ከጓሯችን ባሕር ዛፍ ቆረጥን። መጀመሪያ ነፋስ የሞላት ቀን፣ ሰሌዳው ላይ ያሉት ቀስቶች ሁሉ ወደ ግራ እያሉ እሷ ወደ ቀኝ ሄዳ ሸንበቆ ውስጥ ሰካችን። አንተ ከሸንበቆው ውስጥ ሆነህ «መምጣት የፈለግሁት እዚሁ ነበር» አልክ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ ማክሰኞ ዕለት እጄን ይዘህ «ሸራዋን ማንም እንዳይነካብሽ» አልከኝ። ሐሙስ ዕለት ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ሙሉቀን መጡ። ጤፋቸው ሊደርስ እንደሆነ፣ አውድማ ላይ የሚያነጥፉት ሸራ እንደሌላቸው ነገሩህና «ያቺን ሸራ ትሰጠኛለህ ወይ?» አሉህ። «እሺ፣ ውሰዳት» አልካቸው። ቅዳሜ አረፍክ። እማዬ ሁለቱንም ቀን አጠገብህ ነበረች። ስጠይቃት «ሁለቱንም ሰምቻለሁ» ትላለች።

አባዬ፣ በሬ የረገጣት ሸራ ነፋስ አትይዝም። ሸራ የሌላት ጀልባ ደግሞ የከብት ማጠጫ ገንዳ ናት። ይህን ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ታዲያ ልብህ የትኛው ነበር?

አባ ይትባረክ ዳኛ ሆነው ተቀመጡና «የሟች ቃል የመጨረሻው ነው» ብለው ለጋሼ ፈረዱ። ሐሙስ ከማክሰኞ በኋላ እንደሚመጣ እኔም ስለማውቅ መከራከሪያ አጣሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ አህያቸውን እየነዱ ግድቡ ዳር መጡ። በሰንበት አህያ መጫን ሥራ ነው አይደለም ብዬ ልጠይቃቸው ነበር፤ ተውኩት። እንዳትቆጣኝ እንጂ፣ የሸራዋ ቋጠሮ የሚፈታው ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጦ ነው አልኳቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ገቡ። ገፋኋትና ዘልዬ ገባሁ። መሬቱ ሲርቃቸው መርጡለ ማርያምን ጨምሮ ያልጠሩት ታቦት የለም።

«አንቺ ልጅ፣ መልሺኝ ብያለሁ። ዋና አላውቅም እኮ።»

«እኔም አላውቅም፣ ጋሼ» አልኳቸው። እውነቴን ነው።

መሃል ላይ ነፋሱ ቀጥ አለ። ውሃ መግባት ሲጀምር ጣሳውን አቀበልኳቸው፤ እኔን እየረገሙ ይቀዱ ጀመር። ቆይተው እርግማኑ አለቀባቸው። ከዚያ «የት ነበር የሚቀመጠው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። ቀስ ብለው ተጠግተው እዚያ ተቀመጡ።

«አባትሽ ልጅ ሆኖ» አሉ፣ «ለእናታችን ድቁና እማራለሁ አላት። ለአባታችን ሞፈር አልለቅም አለው። በአንድ ማታ፣ ያውም በአንድ ማዕድ ላይ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተኙ።»

«እሱስ?»

«እሱማ ሲነጋ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ሄደ።»

ነፋሱ ሲነሣ ዳር ደረስን። ጋሼ ሸራዋን ወደ ላይ አንጋጠው ሲያዩ ቆዩና «አባቶቻችን አውድማ በእበት ለቅልቀው ነው የወቁት» ብለው ባዶ አህያቸውን ነዱ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የባሰ ግራ ገባኝ እንጂ። ያሸነፍኳቸው በተንኮል ነው። ምናልባት የመጨረሻ ቃልህን አፍራሿ እኔ ሆኛለሁ። ምናልባት ለእኔም እንደዚያ ያልከኝ ደስ ብሎኝ እንድተኛ ብቻ ነው። እንዲያውም ሁለት ዓመት ሙሉ የደከምነው ለጀልባዋ ነበር ወይስ እኔ ስልኬን አስቀምጬ ካንተ ጋር እንድውል? አንድም ቀን አልጠየቅሁህም። አንተ ትደፍናለህ፣ እኔ እቀዳለሁ፤ ለጥያቄ የሚተርፍ እጅ አልነበረንም።

የጋሼን አውድማ የምለቀልቀው እኔ ነኝ። ማንም አልፈረደብኝም፣ ራሴ ነኝ ያልኩት። እበቱ እጄ ላይ ሲደርቅ አስብሃለሁ፣ ቅዳሜ ውሃው መሃል ነፋስ ስጠብቅም አስብሃለሁ። ልብህ የትኛው እንደነበር እስካውቅ ድረስ አልረሳህም። መልሱን አንድ ቀን ባገኘው እንኳ፣ አባዬ፣ ሌላ ጥያቄ አላጣልህም።

ልጅህ