ሪባኑ ሳይቆረጥ

ለክቡር ባላምባራስ አጥናፉ
የፍራሽ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ
ጉለሌ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የፋብሪካው መካኒክ ለታ ቱሉ፣ እንጦጦ ማርያም ጤናዎን፣ በተለይም ደረትዎን ትጠብቅልዎ እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ። ይህን ደብዳቤ በፋብሪካው በር ላይ የለጠፍኩት፣ ቢሮዎ ደጅ ስጠና ከርሜ ተራ ስላልደረሰኝ ነውና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፣ ስለ አድናቆትዎ አመሰግናለሁ። ጥጥ መባዘቻው ክፍል የምትሠራው ባለቤቴ ባዩሽ፣ ብናኙ ሲያስላት ከርሞ፣ ጭስ በጣራ እንደሚወጣ ይኼስ ለምን አይወጣም ብላ ብትጠይቀኝ፣ ከወዳደቀ ቆርቆሮና ከአሮጌ ሞተር ብናኙን ስቦ በጣራ የሚያስወጣ መሳቢያ ሠራሁ። እርስዎም መጥተው አዩት፤ ወደዱት። ምነው በጠሉት ኖሮ! ቢጠሉት ተደብቀን እናስነሳው ነበር። ስለ ወደዱት ግን ሪባን አሰሩበት፤ ትልቅ ሹም መጥቶ መርቆ እስኪከፍተው ድረስ ማንም እንዳይነካው ዘበኛ አቆሙበት።

ሁለተኛ፣ ሹሙ በሚያዝያ ይመጣሉ ተባለ፤ ግድግዳው ተቀባ። ቀርተው በሰኔ ተባለ፤ ሠራተኛው ተሰልፎ ጭብጨባ ተለማመደ። ከዚያ ክረምቱ ገባና መንገዱ ጭቃ ሆነ ተባለ። ባዩሽ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሪባኑ አጠገብ ቆማ ጥጧን ትባዝት ነበር። ከሥራ ስንመለስ አቀበቱ መሐል ላይ ትንፋሽ አጥሯት ትቆምና፣ «ለታ፣ ነገ ይከፈት ይሆን?» ትለኛለች። ይከፈታል እላታለሁ። ነሐሴ ላይ ቀበርኳት።

ሦስተኛ፣ የጥቅምቱ ምረቃ ስላማረልዎ እንኳን ደስ ያለዎ። ፋብሪካችን አዲስ ሐሳብን እንዴት አድርጎ እንደሚንከባከብ ያደረጉት ንግግር ግሩም ነበር፤ እኔም አጨበጨብኩ፤ ተለማምጄው የለ። ሪባኑ ተቆርጦ የመሳቢያው ሞተር ሲነሳ ክፍሉ ወዲያው ጠራ፤ ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ ድረስ ታየ። እሷ የምትቆምበት ቦታም ታየኝ።

ሹም መጥቶ የማይመርቀውን ይህን ተራ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብኩ፣ ለክቡርነትዎ ዕድሜና ሙሉ ትንፋሽ የምመኝ፣

ታዛዥዎ ለታ ቱሉ

ማሳሰቢያ፦ በእናቷ ቦታ ስለ ቀጠሩልኝ ልጄ ስለ ደራርቱም አመሰግናለሁ። መባዘቻው የሰው እጅ እንዳይበላ የሚያደርግ ዘዴ አስባለች መሰለኝ። ትናንት ልትነግረኝ ስትጀምር አፏን በእጄ ያዝኩት። ከሰሙ ይወዱታላ።